የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያለፈበት ሳይንስ በልጆች የጀብዱ ልብ ወለድ

ባለፈው እትም ለታዳጊዎች ስለሚጻፍ ታሪካዊ የጀብዱ ልብ ወለድ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፦ በዘመኑ እውነት ተብሎ የታመነ፣ ዛሬ ግን የተተወ ሳይንስ በልጆች ታሪክ ውስጥ እንዴት ይግባ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የሚፈጸም ታሪክ እየጻፍኩ ነው። የ13 ዓመቱ ገጸ ባሕርይ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ይወርዳል። ያኔ ንዳድ (ወባ) ከመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ልጁ ሲያምን አንባቢውም አብሮ እንዳያምን ሰጋሁ። በየገጹ ግርጌ ‹ይህ ስሕተት ነው› ብዬ ልጻፍ?»
*መምህር፣ ከደብረ ብርሃን*

አይጻፉ። ልጅ ጀብዱ ሲያነብ ልቡ ከገጸ ባሕርዩ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ቆሞ ሳለ ደራሲው ከኋላው መጥቶ «ይኼ እኮ ውሸት ነው» ካለው ታሪኩም ይበላሻል፣ ትምህርቱም አይያዝም። የተሳሳተውን ሐሳብ ልጁ ራሱ አይቶና ቆጥሮ ይጠርጥረው። ለዚህ ግን አስቀድሞ ሐሳቡን ከነሙሉ ማስረጃው ማቅረብ ይኖርብዎታል። ብዙ ረቂቆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የድሮ ሰዎችን ሞኝ ያደርጓቸዋል፤ ሞኝን መርታት ደግሞ ጀብዱ አይሆንም።

የመጥፎ አየር ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። ቆላ ወርዶ ያደረ ይታመማል፤ በቀን ወርዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጋ የተመለሰ ይተርፋል። ረግረግ አጠገብ የሰፈረ ይብስበታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በሽታው ይበረታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሁሉንም ደግሞ «ከረግረግ የሚነሳ የሌሊት አየር» የሚለው ማብራሪያ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። የአውሮፓ ሐኪሞችም የተማሩት ይህንኑ ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ሸዋ የገባ ሐኪም በታሪክዎ ውስጥ ከነጋዴዎቹ የተሻለ ማብራሪያ ሊኖረው አይችልም። የተሻለ መድኃኒት ግን ሊኖረው ይችላል፤ ኪኒን ከዛፍ ቅርፊት ተለይቶ የወጣው በ1820 ነው። ማብራሪያው የተሳሳተ መድኃኒቱ ግን የሚሠራ ሐኪም፣ ለልጆች ታሪክ ከፍተኛ ሀብት ነው። በእኛም በኩል ኮሶ እንደዚሁ ነው። ጠጪው ስለ ትሉ አመጣጥ የሚሰጠው ምክንያት ትክክል ባይሆንም ኮሶው ትሉን ያስወጣል።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። የወባን ጥገኛ ተሕዋስ ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው። ትንኝ እንደምታስተላልፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ሮስ ያረጋገጠው በ1897 ነው። የእርስዎ ልጅ በ1841 «ትንኟ ናት!» ብሎ ቢጮህ ዘመኑ ይፈርሳል። ሊያደርግ የሚችለው፣ አየር ብቻውን ነገሩን እንደማያስረዳ ማየት ነው። በአንድ ዳስ፣ አንድ አየር እየሳቡ ከሚያድሩት መካከል በኩበት ጭስ አጠገብ፣ ከራስ እስከ እግሩ የመንዝ ባና ተከናንቦ የተኛው ደኅና ይሆናል። ሙቀቱን ሸሽቶ ራቁት ክንዱን ዘርግቶ የተኛው ይታመማል። ታዲያ አየሩ አንድ አይደለም እንዴ? ይህን ጥያቄ ልጁ ይጠይቅ፤ መልሱን ግን አይመልስ። በአንድ ሌሊትና በሁለት ሰው ብቻ እንዳይወስንም ያድርጉ። ሦስት አራት ጉዞ ይውረድ፣ የታመመውንና ያልታመመውን እንደ አተኛኘቱ ለይቶ በጠጠር ይቁጠር። ከተከናነቡት አንዱ እንኳ ቢታመም ለታሪኩ መልካም ነው፤ እውነተኛ ቆጠራ ሁልጊዜ እንከን አለው፣ ልጁም በዚያ እንከን ይጨነቅ።

ከሁሉም በላይ በረቂቆች ውስጥ የምናየው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ልጁ ቆላ ባደረበት ሌሊት ይታመማል፤ ይህ አይሆንም። ትንኟ ከነከሰችው በኋላ ብርቱው የወባ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ቀን፣ ሌላው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ቀን ገደማ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ልጅዎ ጭነቱን አራግፎ፣ አንኮበር ቤቱ ገብቶ፣ ጉዞውን መርሳት ሲጀምር ነው የሚወድቀው። ያኔ እናቱ «የደጋ ብርድ መታው» ትላለች፤ ማንም ቢሆን እንዲያ ይላል። ቀን ቆጥሮ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ብቻ ነው ቆላን የሚጠረጥረው። ለዚህ ልጁ ከቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ በመቀነቱ ጫፍ በየማታው አንድ ቋጠሮ እንዲቋጥር ያድርጉት። ታሞ ተኝቶ እነዚያን ቋጠሮዎች በጣቶቹ ሲዳስስ የሚያሳየው ገጽ የመጽሐፉ ልብ ይሆናል።

የሕመሙም አካሄድ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ይመጣል፤ ሦስት ባና ቢደረብበት አይሞቀውም፤ ይህ አንድ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት እሳት የመሰለ ትኩሳትና ራስ ምታት ይከተላል። ከዚያ ላብ ይደፍቀዋል፣ ይተኛል፣ ሲነቃ የዳነ ይመስለዋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንዲህ በሥርዓት ላይሄዱ ይችላሉ። ልጁ በዳነ ቀን ተነስቶ ሌላ ጀብዱ ቢጀምርና በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ቢወድቅ ታሪኩም ሕክምናውም አንድ ላይ ይሄዳሉ።

«የእኔ ጀግና የቀጥቃጭ ልጅ ናት፤ በአንኮበር፣ በዚያው ዘመን። ነገር ሲቃጠል ‹ፍሎጂስተን› የሚባል ነገር ከውስጡ ይወጣል የሚለውን አሮጌ ሐሳብ ልጠቀም እፈልጋለሁ። ይሆናል?»
*የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአንኮበር*

ውድ እህታችን፣ ሐሳቡ ይሆናል፤ ቃሉ ግን አይሆንም። ፍሎጂስተን በአውሮፓ ራሱ በፈረንሳዊው ኬሚስት በላቮዚየ ሥራ ከ1770ዎቹ እስከ 1780ዎቹ ባሉት ዓመታት ተሸንፏል፤ ወደ ሸዋም የመጣበት መንገድ የለም። ጀግናሽ ግን ከዚያ የሚቀርባት ቋንቋ አላት። በቤተ ክህነት ትምህርት የታወቁት አራቱ ባሕርያት፣ መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ፣ በየኔታ አንደበት ይነገራሉ። እንጨት ሲነድ እሳቱ ወጣ፣ ነፋሱ በነነ፣ መሬቱ አመድ ሆኖ ቀረ ማለት ለማንም የሚገባ ነገር ነው። «የሚነድ ነገር እሳቱ ስለሚወጣ ይቀላል» የሚለውን እምነት ከዚያ አንሺ። እንጨትና ከሰል በርግጥ ሲነዱ ይቀላሉ፣ ስለዚህ እምነቱ በየዕለቱ ምድጃ ላይ ይረጋገጣል።

ብረት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጣመማል፤ ታሪክሽም ያለው እዚህ ነው። ብረት በወናፍ ግሎ በመዶሻ ሲመታ ጥቁር ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል፤ ማረሻው ከመግባቱ በፊት ከነበረው ቀልሎ ይወጣል። አባቷ ይህን ዕድሜ ልኩን አይቶታል፤ «እሳቱ በላው» ይላል። አልተሳሳተም፣ ቀልሏል። ልጅቱ ግን ከመስፉ ሥር የረገፈውን ቅርፊት ለቅማ፣ ከማረሻው ጋር አንድ ላይ ትመዝነው። ድምሩ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ምክንያቱም ብረቱ ከአየሩ አንድ ክፍል፣ እኛ ኦክሲጅን የምንለውን፣ ጨምሮ ይዟል። እሷ ይህን ስም አታውቅም፤ «ከእሳት የገባ አለ» ወይም «ከነፋስ የገባ አለ» ብላ ትከራከር።

ልዩነቱ በሚዛን እንዲታይ ማረሻ ሳይሆን የሞረድ ብናኝ ይሻላል፤ የብናኙ ገላ ለአየር ይበልጥ ስለሚጋለጥ። ለመለኪያ ጠገራ ብር ትጠቀም፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ነው፣ አንድ ወቄት ማለት ነው። በአንዱ ገበታ 20 ብር፣ በሌላው ብናኝ ይቀመጥ። ብናኙን በገል ላይ አድርጋ፣ ከሰል ከሥሩ እያቀጣጠለች፣ በብረት ዘንግ እያማሰለች ግማሽ ቀን ታግለው። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ብር መጨመር ቢያስፈልጋት ከእውነት አይርቅም። ምን ሊበላሽባት ይችላል? በወናፍ በቀጥታ ብናኙ ላይ ካናፈች ይበናል፣ ቀልሎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ይክሸፍባት። አመድ ከገባበት ደግሞ በሐሰት ይከብዳል፤ ተቃዋሚዋ ይህን ያንሳባት።

አንድ ነገር ደግሞ አትዝለዪ። በዚያ ዘመን ባለ እጅ «ጠይብ» እየተባለ በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። የልጅቱ ቃል የሚናቀው በዚህም ነው፣ በዕድሜዋ ብቻ አይደለም። የኔታን ስትጠይቅም «ተሳስተዋል» አትልም፤ «የኔታ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልመዝንልዎ» ትላለች። ከዚህ አነጋገር ውስጥ ፍርሃቷም ድፍረቷም ይሰማል።

ራስሽ ልትሞክሪው ብትፈልጊ፦ ለድስት መፈግፈጊያ የሚሸጠውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውንና ውሃ ሲነካው የሚዝገውን የብረት ሽቦ 10 ግራም ግዢ። የሚያብረቀርቀውና የማይዝገው አይነድም። ሳሙና ወይም ዘይት ካለበት አጥበሽ በደንብ አድርቂው፤ አለዚያ እሱ ስለሚጠፋ ክብደቱ ይቀንሳል። ፈታ ፈታ አድርገሽ በብረት ሳህን ላይ ከነሳህኑ መዝኚ፤ ከሚዛኑ አውርደሽ፣ ደጅ ላይ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ሆነሽ በክብሪት አቀጣጥዪው። በእፍታ አትንፊበት። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የረገፈውንም ሰብስበሽ ከነሳህኑ መዝኚ። ከግማሽ እስከ 2 ግራም ጭማሪ ብታገኚ ጥሩ ሠርተሻል። ሚዛኑ የግራም አንድ አሥረኛን የሚያሳይ ይሁን።

«የሳይንስ ክበባችን ልጆች ‹የደጋ እሳት ደካማ ነው› የምትል አክስት ያለችበት አጭር ታሪክ ጽፈዋል። መንዝ ላይ ንፍሮ እስኪበስል ስለሚዘገይ ነው። እንዴት ትፈተን?»
*መምህር፣ ከሸዋ ሮቢት*

ልጆቹ ጥሩ አስተውለዋል። አክስቲቱ ያየችው እውነት ነው፤ ጥፋቱን የጣለችው ግን በእሳቱ ላይ ነው። ደጋ ላይ የአየሩ ጫና ስለሚያንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ የቱንም ያህል እንጨት ቢጨመር ሙቀቱ ከዚያ አይወጣም፤ እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል። ባቄላው የሚበስለው በውሃው ሙቀት እንጂ በእሳቱ ስላልሆነ ይዘገያል።

ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ 90 ተኩል አካባቢ ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ክበቡ በሁለቱም ከተሞች በአንድ ቴርሞሜትር ይለካ፤ ቴርሞሜትር ከተቀያየረ አምስት ዲግሪው ልዩነት ይምታታል። እስከ 110 የሚያነብ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የክሊኒክ ቴርሞሜትር 42 ላይ ስለሚያበቃ ይፈነዳል፤ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ መርዝ ነው። ጫፉ የድስቱን ወለል አይንካ፤ ከነካ ከፍ ብሎ ያነባል። ውሃው ጨው አይኑረው።

በታሪኩ ውስጥ አክስቲቱን የሚመልሳት ቴርሞሜትር ባይሆን ደስ ይለናል። ያው የደጋ እሳት የቀጥቃጩን ብረት ቀይ ያደርገዋል። ደካማ እሳት ብረት ያግላል? እንዲህ ብሎ ልጁ ይጠይቃት። የአውሮፓ ተጓዥ ከገባበት ግን የዘመኑ ተጓዦች የተራራን ከፍታ በሚፈላ ውሃ ይለኩ ስለነበር ትዕይንቱ የታመነ ነው። የእንግሊዙ ቴርሞሜትር ፋራናይት ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ 195 ገደማ ያነባል። የፈረንሳዩ ሮሙር በሚባለው የሙቀት መለኪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ 72 ገደማ። ሁለት ፈረንጆች ባንድ ድስት ላይ በሁለት ቁጥር ሲጨቃጨቁ ማሳየት ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

«በፈረንጅ መጻሕፍት ያገኘሁትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር አንድ ቀን ይዛነፍብኛል። ስሕተቱ ከየት ነው?»
*ከመሐል ሜዳ*

ከዘመኑ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መቀነሱን ያውቃሉ። የቀኑ ነገር ግን ይረሳል። ዛሬ መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሴፕቴምበር 10 ላይ ነበር፤ የፈረንጆቹ አቆጣጠር 1900ን ሠግር ዓመት ስላላደረገው ነው አንድ ቀን የተጨመረው። (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት በሁለቱም ላይ አንድ ይጨመራል።) ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጆች ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። ስለዚህ አንጎለላ ላይ ኖቬምበር 16 ቀን 1841 የተፈረመው የሸዋና የእንግሊዝ ውል በእኛ ኅዳር 8 ቀን 1834 ነው። የዛሬ መቁጠሪያ የለመደ ሰው 7 ይለዋል። ኅዳር 8 ደግሞ የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ስለሆነ በዚያ ቀን የሚፈጸም ትዕይንት ካለዎት ጠዋቱ የቤተ ክርስቲያን ጠዋት ነው።

«ለደብረ ብርሃን መመሥረት ምክንያት የሆነውን ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ብዬ ብጽፍስ?»
*ከደብረ ብርሃን*

የሃሌይ ኮከብ በ1456፣ በእኛ 1448፣ መታየቱ የተረጋገጠ ነው፤ ብርሃኑን ከእሱ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ግን የሚናገረው ስለ ተአምራዊ ብርሃን ነው። ደራሲ ሆነው «ነበር» ብለው አይደምድሙ። ባለታሪክዎ ያየውን ይግለጽ፤ ስሙን እሱ አያውቀውምና። ካህኑ ምልክት ነው ይበል። ከግብፅ ወይም ከኢየሩሳሌም የመጣ እንግዳ ካለዎት፣ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ የታመነውን፣ ጅራታም ኮከብ ከጨረቃ በታች አየር ላይ የሚነድ ትነት ነው የሚለውን የአሪስቶትልን ሐሳብ ያምጣ። ይህ ሐሳብ የተናጋው በ1577 የዴንማርኩ የከዋክብት ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ ጅራታሙ ኮከብ ከጨረቃ ርቆ እንዳለ ሲለካ ነው፤ ከታሪክዎ 121 ዓመት በኋላ።

ለልጆች ለማስረዳት አውራ ጣት ይበቃል። ክንድ ተዘርግቶ አንዱ ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላው ሲጨፈን ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ይዘልላል፤ የራቀ ዛፍ ግን አይዘልልም። ጅራታሙ ኮከብ ከጨረቃ በታች ቢሆን ኖሮ በተራራቁ አገሮች ካሉ ተመልካቾች አንጻር ከጨረቃ አብልጦ መዝለል ነበረበት።

«የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላንብብላት? የቱን ያህልስ እውነተኛው ሳይንስ መጨረሻ ላይ መጻፍ አለበት?»
*እናት፣ ከዓለም ከተማ*

ያንብቡላት። በዚህ ዕድሜ ልጆች «ሰዎች ያምኑት ነበር» እና «እውነት ነው» የሚሉትን መለየት ይችላሉ፤ ግን ሲያቆሙላት ነው። ጥሩ ማቆሚያ የምዕራፍ መጨረሻ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ ምክንያቱን ተናግሮ የጨረሰበት ቦታ ነው። «አንቺ ብትሆኚ ታምኚው ነበር? ምን አይተሽ?» ብለው ይጠይቋት። «አምን ነበር» ካለች አይቆጧት፤ ደራሲው በሚገባ ጽፏል ማለት ነው።

መጽሐፍ ሲመርጡ የኋላውን ገጽ ይመልከቱ። ከታሪኩ በኋላ ሁለት ሦስት ገጽ ማስታወሻ ካለው ይበቃል። በዚያ ውስጥ የትኛው ሰው በእውነት እንደነበረ፣ የትኛው እንደተፈጠረ፣ የተሳሳተውን ሐሳብ ማን በየትኛው ዓመትና በምን ዘዴ እንዳፈረሰው መጻፍ አለበት። ዘዴው ካልተጻፈ ልጅቱ አንዱን ሰው ማመን ትታ ሌላውን ማመን ብቻ ትማራለች። ታሪኩ በሽታን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ይኑረው፦ ቆላ ሲታደር አጎበር፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ፣ ከቆላ ከተመለሱ ሳምንታት ቢያልፉም ለጤና ባለሙያው «ቆላ ነበርኩ» ብሎ መንገር። የመጨረሻው በተለይ ከደጋ ወደ ጀማ ሸለቆ ለሚመላለስ የመርሐቤቴ ቤተሰብ ያስፈልገዋል።